አባቷ የሚያውቁት ዳቦ

ፍራሹን በአንድ ክንዷ ወደ ግድግዳው አቆመችና በሌላው እጇ የአልጋውን ርብራብ ዳበሰች። ምንም የለም። ጎዶሎ ካልሲ፣ ባዶ የመድኃኒት ማሸጊያ፣ አቧራ። ትራሱን እንደ ሎሚ ጨመቀችው። የካፖርቱን ኪሶች አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው። ከመጨረሻው ኪስ የጥርስ መጎርጎሪያ ስንጥር ወደቀ፤ እሱንም አንስታ አገላብጣ አየችው።

«የት ነው የደበቅከው?»

አባቷ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በፋሻ የተጠቀለለ ግራ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው፣ ልጃቸው ቤቱን ስታምሰው ያያሉ።

«ምኑን?»

«ብስኩቱን! ከረሜላውን! እኔ ስወጣ የምትልሰውን ነገር!»

«ፈትሺ እንጂ። ፈታሽ ከተፈታሹ ምክር አይጠይቅም።»

«አባዬ፣ ዛሬ እንዳትቀልድብኝ! ዛሬ ብቻ እንዳትቀልድብኝ!»

እንዲህ ያበደችው ያለ ነገር አልነበረም። ትናንት ከሰዓት በኋላ ክሊኒክ ወስዳቸው ነበር። ሐኪሙ ፋሻውን ፈትቶ የእግራቸውን ትንሽ ጣት አየ፤ የደም ምርመራውን ወረቀት አየ፤ ተመልሶ ጣቱን አየ። ከዚያ ለበሽተኛው ሳይሆን ለእሷ ተናገረ። «ስኳሩ ካለፈው ወር ብሶበታል። ስኳሩ ካልወረደ ቁስሉ አይደርቅም። ሁለት ሳምንት እጠብቃለሁ፤ ካልደረቀ ጣቱን እንቆርጠዋለን። ጣቱ ላይ ከቆመልንም ዕድለኞች ነን።» ይህን ብሎ ብዕሩን ከደነና ጠየቃት። «ለመሆኑ ምንድን ነው የምታበያቸው?»

ያቺ ጥያቄ ናት እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ የተሰነቀረችው። ምን ታበላቸዋለች! ሁለት ወር ሙሉ ወፍ ሳይንጫጫ እየተነሳች የምትሠራውን ሳንድዊች ማን አየላት? ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ ሰፊ ናት። ጠዋት አንድ ሰዓት ገብታ ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ትወጣለች፤ አባቷ ምሳቸውን የሚበሉት ብቻቸውን ነው። ስለዚህ ክሊኒኩ የሰጣትን ወረቀት ኩሽናው ግድግዳ ላይ ለጥፋ ቃል በቃል ትከተለዋለች። ነጭ ዳቦ አይብሉ፤ ጥቁር ዳቦ ይብሉ። ጨው ይቀንሱ። ቅባት ይቀንሱ። ጣፋጭ ይተዉ። እሷ እንኳን ልትቀንስ፣ ጨውንም ቅባትንም ከቤቱ አባረረቻቸው። ከጥቁሩ ዳቦ ሁለት ወፍራም ቁራጭ፣ ልክ ኮሌታ በልኬት እንደምትቆርጠው አስተካክላ ትቆርጥና፣ መሃሉ ላይ ስስ የእንቁላል ቅቅልና አንድ የሰላጣ ቅጠል ታስተኛለች። ጠቅልላ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጣለች። የተረፈውን ዳቦ ደግሞ አጠገቡ። «ከራበህ ጨምር፤ ጥቁር ዳቦ አይጎዳህም» ትላቸዋለች። አባቷም ይርባቸዋል፤ ይጨምራሉ። ማታ ስትመለስ የዳቦው ግማሽ የለም።

«አንቺ ከሰጠሽኝ ሌላ ነገር በአፌ አልዞረም» አሉ አባቷ።

«ታዲያ ስኳሩ ከሰማይ ዘነበብህ?»

«ከሰማይስ አልዘነበም።»

«እኮ ከየት?»

 የአባቷ ዓይን ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ዳቦ ሄደና እዚያው ቀረ። አርባ ዓመት ምድጃ ፊት የቆሙ ዳቦ ጋጋሪ ናቸው። ሠፈሩ «ጋሼ ምድጃ» ካላቸው ወዲህ እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቀው የክሊኒኩ መዝገብ ብቻ ነው። ዳቦውም ቢሆን ከባዕድ ቤት የመጣ አይደለም። እሳቸው አርባ ዓመት ከሠሩበት፣ ከማዕዘኑ ዳቦ ቤት ነው። ልጃቸው ሌላ ዳቦ ቤት አልፋ ሄዳ እዚያ የምትሰለፈው «የአባቴ ቤት ነው፤ እዚያ አይሸውዱኝም» ብላ ነው።

«አንድ ብርጭቆ ውሃ አምጪ» አሉ በመጨረሻ።

«ጠማህ? ይኸው፣ መጠማትም የስኳሩ ነው!»

«ለኔ አይደለም። ለዳቦው።»

ተናዳ አመጣችላቸው። አባቷ ከዳቦው ቆርሰው ውሃው ውስጥ ጨመሩና በጣታቸው አሹት፤ ቀስ ብለው፣ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው። ውሃው ደፈረሰ። ከዚያ እንደ ቀጭን ሻይ ቀላ። አባቷ ሊጥ የሆነውን ዳቦ አውጥተው መዳፋቸው ላይ ጨመቁትና ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጉላት። ነጭ ነበር። የሸማ ነጭ ባይሆንም ነጭ ነው።

«ፉርሽካ ቢኖርበት ከታች ይዘቅጥ ነበር» አሉ። «የስንዴው ቅርፊት፣ ማለቴ ነው። ተመልከቺ፣ አንድም የለም። ፉርኖ ዱቄት ነው፤ ቀለሙ የተቃጠለ ስኳር ነው።»

ብርጭቆውን ነጥቃ ብርሃን ላይ አየችው። ሁለት ወር። በቀን ግማሽ ዳቦ። በራሷ እጅ ቆርጣ፣ በራሷ እጅ ጠቅልላ።

«ታውቅ ነበር?»

«የመጀመሪያ ቀን ነግሬሽ ነበር።»

«ምን ብለህ?»

«ይሄ ዳቦ አይደለም ብዬ።»

ብለው ነበር። አሁን ትዝ አላት። «አባዬ፣ አትነጫነጭ፤ ነጭ ስለለመድክ ነው» ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት በጣቷ አሳይታቸው ነበር። አርባ ዓመት ዳቦ የጋገረ ሰው ስለ ዳቦ ሲናገር በወረቀት አፉን አስዘጋችው። ግን አንድ ጊዜ ተናግሮ ሁለት ወር ዝም የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው?

«አንተ ከወጣህ ወዲህ ሌቦች ሆኑ ማለት ነው!» አለች ዳቦውን እያነሳች። «የድሮው ባለ ዳቦ ቤት፣ የሽማግሌው ልጅ ነው አይደል? አባቱ ሲሞት የተረከበው? ቆይ፣ አሳየዋለሁ!»

አባቷ ክንዷን ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉ።

«ተዪው» አሉ። «አትሂጂ።»

በሩ ግን ተወርውሮ ተዘግቶ ነበር።

ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርስ ሰልፉ እስከ መንገዱ ጠርዝ ወጥቷል። ሰልፉን ገፍታ አለፈች። ባንኮኒው ጀርባ የቆመው ባለ ዳቦ ቤት ጉንጩ ልክ እንደ ራሱ ዳቦ የተነፋ፣ ቀልድ የማያጣ ወጣት ነው። ዳቦውን ፊቱ ወረወረችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዳቦ ነዋ እህቴ። ምን መሰለሽ፣ ጡብ?»

ሰልፉ ሳቀ።

«ጥቁር ዳቦ ብለህ ነው የሸጥክልኝ!»

«ታዲያ ቀይ ነው? ዓይን ሐኪም ታይተሻል?»

«ነጭ ዱቄት ነው! ስኳር ቀብተህ ነው የምትሸጠው! አባቴ በዚህ ዳቦ ጣቱ ሊቆረጥ ነው!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ከሰልፉ መሃል ጥቁር ጃንጥላ እንደ ምርኩዝ የተደገፉ እናት ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። ሁለት ጥቁር ዳቦ ለመግዛት ፌስታላቸውን ከፍተው ይዘዋል።

«ልጄ፣ እውነትሽን ነው?» አሏት። «እኔ ለባለቤቴ ነው የምወስደው። ስኳር አለበት፤ አሁን አሁን ዓይኑን እየጋረደው ነው። ከክሊኒክ ወረቀት ሰጥተውን ጥቁር ዳቦ አሉንና…»

ባለ ዳቦ ቤቱ ባንኮኒው ላይ በክርኑ ተደገፈ። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ግን በጣም ዝቅ አላደረገም።

«እማማ፣ እዚህ ቤት ማንም ሰው መድኃኒት ነው ብሎ አልሸጠም። ጥቁር ዳቦ ነው ያልነው፤ ጥቁር ነው። አንቺ ደግሞ» ወደ ኮሌታ ሰፊዋ ዞረ፣ «ሌላው ቢናገር እሺ። አንቺ በዚህ ነገር አፍ አለሽ? ይሄን አሠራር ማን ያመጣው ይመስልሻል? እኔ ያኔ ቁምጣ ለባሽ ነበርኩ። ሂጂና የራስሽን ሰው ጠይቂ!»

«ውሸትህን ነው።»

«ውሸቴን?» አንገቱን ወደ ውስጠኛው ክፍል መለሰና ጮኸ። «እናንተ! ጋሼ ምድጃን አምጡልኝ እስቲ!»

«ጋሼ ምድጃ ገና እሳት ላይ ነው!» አለ ከውስጥ የሆነ ድምፅ። «የባልዲው አረፋ አልወረደም፤ ትንሽ ጠብቅ!»

ሰልፉ ምን እንደተባለ አልገባውም። አንዳንዱ በግምት ፈገግ አለ። እሷ ግን ገባት። ባልዲው ነው። ስኳሩ የሚቃጠልበትን ባልዲ በአባቷ ስም ነው የሚጠሩት። 

«ጋሼ ምድጃ የሚለው ማንን ነው?» አሉ ባለ ጃንጥላዋ። «አባትሽ ናቸው እንዴ ልጄ?»

«አላውቅም» አለች። ምኑን እንደማታውቅ ለራሷም አልገባትም። ሰልፉን ሰንጥቃ ስትወጣ፣ ከኋላዋ ሴትየዋ «እንግዲህ ሁለት ስጠኝ፤ ምን ይደረጋል» ሲሉ ሰማች።

ፋብሪካ አርባ ደቂቃ አርፍዳ ገባች። የመስመር ኃላፊዋ ሰዓቷን አሳየቻት፤ «ነገ ከደገምሽው የማስጠንቀቂያ ወረቀት ይጻፍብሻል» አለቻት። ኮሌታ ሰፊዋ ማሽኗ ላይ ተቀመጠች። መርፌው ሲሮጥ እሷም በልቧ ትሮጣለች። ስትሰፋ ውላ ከሰዓት በኋላ ላይ ስታየው ሃያ ስድስት ኮሌታ ተገልብጦ ተሰፍቷል። ሁሉንም በምላጭ ፈታቻቸው። እያንዳንዱን ክር ስትበጥስ ለአባቷ የምትለውን አንድ አንድ ቃል አዘጋጀች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላሉ። እሷ ጠዋት ዳውላውን ስትደበድብ ነበር፤ አሁን ወደ አህያው ነው የምትሄደው።

ማታ በወፍጮ ቤት በኩል ዞራ መጣች። በሩን በእግሯ ከፍታ ገባችና የዱቄቱን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ጥላ አቧራ አስነሳች።

«በል ንገረኝ» አለች። «ጋሼ ምድጃ ማለት ባልዲ ነው?»

አባቷ ጠዋት ትታቸው በሄደችበት ቦታ ተቀምጠዋል። ጠዋት በዚያ ንዴት ጥቅሉን ሳትሠራላቸው ወጥታ ስለነበር፣ ቤት ያገኙትን ሁለት ድንች ቀቅለው በልተው ልጣጩን በሥርዓት ሳህን ላይ ደርድረውታል።

«ነገሩሽ» አሉ።

«ባልዲው ነው የነገረኝ! ስንት ዓመት?»

«አሥራ አንድ።»

«ሽማግሌው አስገድዶህ ነው በለኝ። እባክህ እንደሱ በለኝ።»

አባቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሽማግሌው ‹ሰው ጥቁር ዳቦ ይጠይቃል፤ ጋግር› ብቻ ነው ያለኝ። ያልተነፋ ዱቄት አምጥቶልኝ ጋገርኩ። ሊጡ አይነሳም፣ ቀርፋፋ ነው፤ በቀን ሁለት ዙር ምድጃ ያጎድላል። ሠራተኛው አጉረመረመ። እኔም ጎበዝ ነኝ ባይ ነበርኩ። ስኳር አቃጥዬ ነጩ ላይ ሞከርኩት። አማረ። ሽማግሌው ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ ዋና ጋጋሪ አደረገኝ። ያኔ አንቺም ትምህርት ቤት…»

«በኔ አታሳብ! እኔ ስኳር አቃጥል አላልኩህም!»

«አላልሽም።»

«ሰዎቹ ወረቀት ይዘው ይመጡ ነበር?»

«ይመጡ ነበር።»

«እንደኔ።»

«እንዳንቺ።»

 ጎረቤት ቤት አንድ ሰው ምስማር ይመታል፤ ሁለቴ ይመታል፣ ይተዋል፣ እንደገና ይመታል።

«ታዲያ እያወቅክ ለምን በላኸው?» ድምፏ ተሰበረ፤ መሰበሩ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። «አንድ ቀን ነገርኩሽ ትለኛለህ! ለምን ሁለተኛ አልነገርከኝም? ለምን ዳቦውን አልወረወርክብኝም?»

«ሁለተኛ ብነግርሽ ከየት አወቅክ ትይኛለሽ።» አባቷ መዳፋቸውን አዩ። «ደግሞ… ይገባኛል አልኩ። ለስንቱ በሽተኛ አብልቼዋለሁ። አሁን የኔ ተራ ነው፤ በልቼ ልክፈል አልኩ።»

ይሄኔ ነው እውነተኛው ቁጣ የመጣው። የጠዋቱ ጫጫታ ነበር።

«ትከፍላለህ?» አለች በዝግታ። «በየትኛው እግር? ጣትህን የቆረጡህ ቀን ማን ነው የሚያጥብህ? ማን ነው ሽንት ቤት ደግፎ የሚወስድህ? ማን ነው ሥራውን የሚተወው? አንተ ንስሐህን በኔ ትከሻ ላይ ነው የምትገባው! እኔ ሌሊት እየተነሳሁ በገዛ እጄ ላብላህ፣ አንተ እያኘክ ነፍስህን አጽዳ! እንደዚህ ዓይነት ክፍያ አለ? ጋሼ ምድጃ፣ እንደዚህ ዓይነት ሒሳብ አለ?»

«አባዬ» ማለቱን ትታ በቅጽል ስማቸው ስትጠራቸው ይህ የመጀመሪያዋ ነው። አባቷ እንደ ተመታ ሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲከፍቱት ረጥቦ ነበር፤ እሷ ግን አላዘነችም። ወንበራቸውን ከጀርባ ይዛ፣ እሳቸውን ተሸክሞ እንዳለ፣ መሬቱን እያስጮኸች ጠረጴዛው ድረስ ጎተተችው።

«አልነፋሁትም» አለች ከረጢቱን እየፈታች። «ፉርሽካው በሙሉ ውስጡ ነው። አሥራ ሦስት ቀን ነው የቀረን። ዳቦ ታውቃለህ አይደል? አቡካ።»

አባቷ እጃቸውን ዱቄቱ ውስጥ ከተቱ። መጀመሪያ ፈራ ተባ አሉ። ከዚያ ጣቶቻቸው ሥራቸውን አስታወሱ። ከከረጢቱ ጋር ያመጣችውን እርሾ ለብ ባለ ውሃ በጠበጡ፤ ውሃውን ሳይለኩ ጨመሩ፤ እጃቸው እስከ ክርን ድረስ ሌላ ሰው ሆነ። ድምፃቸውም ቀስ በቀስ የምድጃ ፊት ድምፅ ሆነ።

«ጨው አምጪ።»

«ወረቀቱ ጨው…»

«ቀንሱ ነው የሚለው፣ ግደሉት አይልም። አንድ ቁንጥር። አሁን ምስር ቀቅይ። እንቁላልም። ውስጡን እናሳምረው።»

«ውስጡ ምን ሆነ?»

«ምን ሆነ ትያለሽ? ምን ነበረው! ሁለት ወር ወረቀት በወረቀት ጠቅልለሽ ስታበይኝ። ከበላሁ ሰዓት ሳይሞላ ሆዴ ይጮሃል፤ ያ ነው ግማሽ ዳቦ የሚያስጨርሰኝ። እስቲ ያን ወረቀትሽን አንብቢልኝ፤ ሎሚ ተዉ ይላል?»

በንዴት አነበበች። «አይልም።»

«ነጭ ሽንኩርት?»

«አይልም።»

«ቃሪያ? ጥቅል ጎመን? ካሮት? አቮካዶ?»

«አይልም አልኩህ!»

«ታዲያ ማን ከለከለሽ? ሐኪሙ ጣዕም ተው አላለኝም፤ አንቺ ነሽ ያልሽኝ።»

ብሯን ይዛ ወጣችና ከጉሊት አትክልቱን ሁሉ ገዝታ ተመለሰች። ምስሩን ጣደች። ሊጡ ድስት ውስጥ ተሸፍኖ ሲነሳ፣ እሷ ጎመኑን እንደ ክር አቅጥና ከተፈችው፤ ካሮቱን ፈቀፈቀች። አባቷ ሎሚ ጨምቀውበት በእጃቸው አሹትና «ውሃውን ጭመቂው፤ አለበለዚያ ዳቦውን ያርሰዋል» አሉ። የበሰለውን ምስር ከነጭ ሽንኩርትና ከሎሚ ጋር በሹካ ደፈጠጡት። ዳቦው እዚያው ድስት ውስጥ ተጋግሮ ሲወጣ ዝቅ ያለ፣ ጠየም ያለ፣ ፊቱ የተሰነጠቀ ነበር። አባቷ ጀርባውን በጣት አጥንታቸው ኳ ኳ አደረጉና ጆሯቸውን አስጠጉ።

«በስሏል። ግን ትኩሱን አትቁረጪው፤ ይታገስ።»

«እኔ ነኝ የምታገሠው!»

«አንቺም ዳቦውም።»

ሲበርድ ቢላውን ነጠቋትና የእሷን ቁራጭ ግማሽ በሚያህል ስስ አድርገው ቆረጡት። አቮካዶውን እስከ ጠርዙ ድረስ ቀቡ፤ ላዩ ላይ ምስር፣ ቀጥሎ ጎመንና ካሮት፣ የእንቁላሉ ክብ፣ ሁለት ስንጥቅ ቃሪያ። ውስጡ ከዳቦው ሦስት እጥፍ ሆነ። ሌላውን ቁራጭ ከደኑበትና በመዳፋቸው ጫን አደረጉት።

«አንቺ ልብስ ሰፊ ነሽ፤ ይሄ አይጠፋሽም» አሉ። «ዳቦው ልብስ ነው። ሰውየው ውስጡ ነው። አንቺ ልብስ በልብስ ላይ ስትደርቢ ሰውየውን ረሳሽው።»

ተቀምጠው በሉ። ጎመኑ ጥርስ ሥር ይንኮሻኮሻል፤ ሎሚው ምላስ ያነቃል፤ ዳቦው ዝም ብሎ አይዋጥም፣ አኝኩኝ ይላል። እሷ ሳታስበው ጣቷን ላሰችና ወዲያው ኮስተር አለች። አባቷን በዓይኗ ጥግ ትጠብቃቸዋለች። አንዱን ጨረሱ። ፍርፋሪውን በጣታቸው ለቀሙ። ዳቦው አጠገባቸው ነው፤ ቢላውም አለ። ሳህን ታጥቦ፣ ጠረጴዛ ተወልውሎ፣ ጎረቤቱ ምስማሩን መትቶ ጨርሶ፣ የአባቷ እጅ ወደ ዳቦው አልሄደም።

«አልታረቅኩህም» አለቻቸው።

«ማን ታረቂኝ አለሽ።»

ጠዋት ፋሻውን ፈትታ ቁስሉን አጠበችው። ያው ነው። አልባሰበትም፤ አልደረቀምም። በአንድ ቀን ምን ልታይ እንደጠበቀች እንጃ። አዲስ ፋሻ ጠቀለለችበት፤ ሳንድዊቹን ግን በዚህ ጠዋት እሷ አልሠራችም። አባቷ በወንበራቸው ተቀምጠው ሁለት ሠሩ፤ አንዱን ለራሳቸው፣ አንዱን ጠቅልለው ወደ እሷ ገፉት።

«ትናንት ሰልፉ ላይ ከክሊኒክ ወረቀት የተሰጠው ሰው ነበረ?» ብለው ጠየቁ፣ ሳያዩዋት።

«አንዲት እናት ነበሩ። ባለቤታቸው ስኳር አለበት። ዓይኑን እየጋረደው ነው።»

አባቷ የጠረጴዛውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ፈተጉ።

«በውሃ ሞክሪው በያት። ብርጭቆ ውሃ ይበቃል፤ ራሷ ታየዋለች። እኔን…» ዋጥ አደረጉ። «እኔን አታንሺኝ። አርባ ዓመት እዚህ ሠፈር ጋሼ ተብዬ ነው የኖርኩት። አፈር ከመግባቴ በፊት ይሄን አታሳዪኝ።»

እሺም እምቢም አላለቻቸውም። ጥቅሏን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወጣች።

ሰልፉ እንደ ትናንቱ ነው። ባለ ጃንጥላዋ ከፊት ሦስተኛ ቆመዋል። ባለ ዳቦ ቤቱ ገና ከሩቅ ሲያያት ጉንጩ በሳቅ ተነፋ።

«መጣሽ? ጡብ ነው ዳቦ የምትፈልጊው? የላኩሽን ሰው ጠየቅሽልኝ?»

«ጠየቅኩት» አለች።

አልጮኸችም። መጮህ ትናንት አልቋል። ቀጥ ብላ ወደ ሴትየዋ ሄደች።

«እትዬ፣ ይሄን ዳቦ አይግዙ። ነጭ ዱቄት ነው፤ ቀለሙ ስኳር ነው።»

«ትናንትም ብለሽኛል ልጄ። ግን እሱ አይደለም ይላል፤ አንቺ ነው ትያለሽ። እኔ ማንን ልመን? አንቺስ በምን አወቅሽ?»

በውሃ ማለት ትችል ነበር። አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ አንድ ቁራሽ ዳቦ፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። አባቷ ደግሞ በዚህ ሰዓት መስኮቱ ሥር ተቀምጠው፣ ያንን ቃል ብቻ እንድትል እየጠበቁ ነው። ሰልፉ በሙሉ ዞሮ ያያታል። ግማሹ ልጅ ሆኖ ከአባቷ እጅ ትኩስ ዳቦ የተቀበለ ነው።

«አሠራሩን ያመጣው አባቴ ነው» አለች። «ጋሼ ምድጃ። እዚህ ቤት አሥራ አንድ ዓመት በእጁ ሠርቶታል። አሁን እሱም ስኳር አለበት።»

ሰልፉ ውስጥ አንድ ሰው «ኧረ!» አለ። ባለ ዳቦ ቤቱ ሳቁን የት እንደሚያስቀምጠው ጠፋው።

 ሴትየዋ ጃንጥላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«አምስት ዓመት ነው የምገዛው» አሉ። «አምስት ዓመት። አባትሽ የት ናቸው?»

«ቤት ነው ያለው። ይምጡ፤ ሊሰድቡትም ከሆነ ይምጡ። እንዴት እንደሚጋገርም ያውቃል፤ ያሳይዎታል።»

የፋብሪካው መግቢያ ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ደቂቃ ነው የቀረው። ወደ ግራ ብትታጠፍ ትደርሳለች። እሷ ግን የሴትየዋን ባዶ ፌስታል ተቀበለቻቸውና ወደ ቀኝ ታጠፈች፤ ፈጣን እርምጃዋንም በሴትየዋ እርምጃ ልክ አሳጠረችው።